ቅኝና ቅኝት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሣሎን ቁጭ ብላ ጥፍሯን ቀይ ስትቀባ፣ ሽታው ኩሽና ድረስ መጥቶ ከነማማሰያዬ አስቆመኝ። ሌላ ሰው የጥፍር ቀለም ሲሸተው ሠርግ ይታወሰው ይሆናል፤ እኔን ግን፣ ጉዴን ስሙልኝ፣ ትዝ የሚለኝ ፀረ ቅኝ ግዛት በራሪ ወረቀት ነው። እናቴ በዕድሜዋ ጥፍሯን ቀብታ አታውቅም፤ ጀርመን አገር ያደግሁባት የኖርድቬስትሽታት ሰፈር ኩሽና ግን፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልክ ይህንኑ ትሸት ነበር።

አባባ ለትምህርት መጥቶ፣ አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኖርድኤንድ ሰፈር ጋሽ ተስፋልደት ይመጡ ነበር፤ የአስመራ ልጅ፣ ወንደላጤ፣ የአባባ የተማሪነት ጓደኛ። ሁለቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች አሮጌ ማባዣ ስለ ሞዛምቢክ፣ ስለ ናሚቢያ፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ የሚያወራ ወረቀት ሲያትሙ ይውላሉ። ጽሕፈቷ ያማረው እማዬ ነበረች፤ ሰም በተቀባው ስስ ወረቀት ላይ፣ ስቴንስል በሚሉት፣ በብረት ብዕር እየጫረች ትጽፍና፣ ስትሳሳት ከትንሽ ጠርሙስ ቀለም ነክራ ስህተቱን ትቀባለች፣ እስኪደርቅ ኡፍ ኡፍ ትልበታለች፣ ከዚያ በላዩ ደግማ ትጽፋለች። ሽታው የዚያ ቀለም ነበር። «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካብኝ!» ስትል ሁለቱም እጃቸውን ይሰበስቡና፣ ጋሽ ተስፋልደት ከሚስማሩ ላይ ክራራቸውን አውርደው መቃኘት ይጀምራሉ። ክራሩ እኛ ቤት የሚኖረው እሳቸው ሲጫወቱ የቤታቸው ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበች ስላስቸገረቻቸው ነው። «ሰላምም እንደ ክራር ነው፤ ዛሬ ብትቃኚው ነገ ይወርዳል» ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን የሰላሙን ትቼ ክራሩን ነበር የማዳምጠው።

ፀደይ ሲመጣ ጀርመኖቹ በፋሲካቸው ለሰላም ሰልፍ ይወጡ ነበርና እኛም ተከትለን እንወጣለን፤ እኔ ጋሽ ተስፋልደት ትከሻ ላይ፣ አባባ መፈክሩን ይዞ፣ እማዬ ስንቅ አንጠልጥላ። የኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚውል እማዬ ገና ጾም ላይ ነበረች። ሰልፈኞቹ ቀለም የተቀባ እንቁላል ሲያድሏት በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛዋ «ሰላሙን ዛሬ እቀበላለሁ፤ እንቁላሉን ሳምንት» ትላቸው ነበር።

በጋው ደግሞ የብርቱካን ነበር። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣውን እንዳይገዙ ገበያ ማዕከሉ በር ላይ ቆመን ሰው እንለምናለን፤ ያኔ እኔ ብርቱካን ሳይ ምራቄን መግታት የማልችል ልጅ ነበርኩ። ጋሽ ተስፋልደት ማንኛውንም ፍሬ በእጃቸው አገላብጠው «ከየት የመጣ ነው?» ሳይሉ አይቀምሱም። እኔ ልሙት፣ እኛ ቤት እንግዳ ፍራፍሬ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤናውን ሳይሆን የብርቱካኑን አገር ነበር።

ቅጠሉ በረገፈበት በዚያ መኸር ግን ነገር ተበላሸ። የዚያን ቀን የሚጽፉት ስለ ሩቅ አገር ሳይሆን ስለ ራሳቸው ነበር፤ ኤርትራ ውስጥ የሚካሄደው ጦርነት ይቁም የሚል የሰላም ጥሪ፣ ለሐበሻው ሁሉ የሚታደል። እኔ ኮሪደሩ ላይ የቤት ሥራዬን ይዤ ተቀምጬ ነበር። የአማርኛ ፊደል ገና አልቆጠርኩም፤ እነሱም ሲያወሩ «ኮሎኒያሊዝም» ነበር የሚሉት፣ ስለዚህ በዕለቱ ከኩሽና የሰማሁት ቃል በእኔ ጆሮ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ የክራር ቅኝት።

«ቅኝ ነው!» ይላሉ ጋሽ ተስፋልደት።

«ቅኝ አይደለም! የወንድማማች ጦርነት ነው!» ይላል አባባ። «አጥፊው!»

እማዬ ትቀባለች፣ ኡፍ ትላለች። «ጻፊው!» ይላሉ ጋሽ ተስፋልደት፣ ትጽፋለች። እንደገና «አጥፊው!»። አንዲቷ ቦታ ስትቀባ ስትቀባ እንደ ቁስል ቅርፊት ወፈረች።

«ለሞዛምቢክ ሲሆን የምታውቃትን ቃል ለእኔ ሲሆን ረሳሃት» አሉ ጋሽ ተስፋልደት።

«እኔ ነኝ ገዢህ? እኔ? ከአንድ ትሪ እየበላን?»

«ኧረ እባካችሁ፣ ቀለሙ ይድረቅ» አለች እማዬ። የዚያን ቀን ግን የሚጠብቅ አልነበረም፤ ጋሽ ተስፋልደት ኮታቸውን አንጠልጥለው፣ ክራራቸውን ሚስማሩ ላይ ትተው፣ እኔን እንኳ ሳይስሙ ወጡ።

ሆድና ጀርባ ሆኑ። ክረምቱ ገባ፣ በረዶ ጣለ፣ ቅዳሜ ይመጣል ጋሽ ተስፋልደት አይመጡም። አባባ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይልና፣ ጎረቤት መሆኑን ሲያይ ተመልሶ ጋዜጣው ውስጥ ይገባል። እማዬ «ደውልለት» ስትለው «እሱ ነው የሄደው» ይላታል። ናፍቀውኝ ነበር፣ በጣም ናፍቀውኝ ነበር፤ እንዲህ ከቀሩ የሚያዝለኝም ሆነ የሚያጫውተኝ ሰው እንደሌለኝ ገብቶኛል። ደግሞ አባባ አናደደኝ፤ ክራር እንኳ የማይነካ ሰው፣ ሌላው በፈለገው ቅኝት ቢቃኝ ምን ቸገረው?

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እማዬ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት ስትወርድ፣ ክራሩን በአባባ የአንገት ልብስ ጠቅልዬ ኡባን በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፈርኩ። የጋሽ ተስፋልደትን ቤት በዐይኔ አውቀው ነበር። በሩን ሲከፍቱ ጢማቸው አድጓል።

«ጋሼ፣ አባባ በቅኝቱ ተስማምቷል» አልኳቸው ገና ሳልገባ። አልተናገረም፤ ግን ቢጠየቅ እንቢ እንደማይል ወስኜለት ነበር። «እንደ እርስዎ ይሁን።»

ፍጥጥ ብለው አዩኝ። «አባትሽ? በቅኙ ተስማማ?»

«አዎ፣ በቅኝቱ።»

ዐይናቸው እንባ ሞላ። የእግር ሹራባቸውን ገልብጠው አጥልቀው፣ እጄንና ክራሩን ይዘው፣ መንገዱን ሁሉ በትግርኛ ለራሳቸው እያወሩ ከእኔ ጋር መጡ። አባባ በሩን ሲከፍት አንገቱ ላይ ተጠመጠሙበት። «ቃሏን ተቀበልክ! ወንድሜ፣ ተቀበልክ!»

«የቷን ቃል?» አለ አባባ፣ እሱም እንዳቀፋቸው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ክራሩን እንደፈለጉ ይቃኙት አልኩ እንጂ!» አልኩና ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

ጋሽ ተስፋልደት ኮታቸውን አላወለቁም፤ በሩም አልተዘጋም። ከዚያ እማዬ ናት የጀመረችው፤ አፏን በሽርጧ ይዛ ትን እስኪላት ሳቀች፣ አባባ ተከተለ፣ ጋሽ ተስፋልደትም ሳቃቸውና እንባቸው እየተቀላቀለባቸው ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ።

«ቃሏን አልቀበልኩም» አለ አባባ ሳቁ ሲበርድ።

«አውቃለሁ።»

«ምሳ ግን ቀርቧል።»

«ከመጣሁ አይቀር» አሉ ጋሽ ተስፋልደት፣ ኮታቸውን አወለቁና ክራሩን ከአንገት ልብሱ ፈቱት።

ያን ስቴንስል በዚያው ከሰዓት አተሙት። ቀለም ተደራርቦ የወፈረችው ቦታ ላይ ምንም አልታተመም፤ ወረቀቱ ሁሉ መካከሉ ላይ አንዲት ነጭ ክፍተት ይዞ ወጣ። ምን ጎድሎ ነው ብሎ ለሚጠይቅ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይመልሱ ነበር። ቃሏን ግን ዕድሜ ልካቸውን አልተስማሙባትም። ኤርትራ ነጻ የወጣች ሰሞን አባባ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ እንኳን ደስ ያለህ ሊላቸው ሲሄድ፣ ጋሽ ተስፋልደት በሩ ላይ ተቀብለውት «ከየት የመጣ ነው?» አሉት።

ጋሽ ተስፋልደት ካረፉ ሁለት ክረምት ሆናቸው። ክራሩ አባባ ቤት ሚስማሩ ላይ ነው፤ ቅኝቱ ወርዷል፣ አባባም ማንንም አያስነካም። ትዝታውን መጽሐፍ ላድርገው ብሎ እሱ ይናገራል፣ እኔ በላፕቶፕ እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚያ መኸር ላይ ደረስን። የጋሽ ተስፋልደትን ቃል ጻፍኩና እንደሚቆጣ አውቄ አጠፋኋት።

«ምን አጠፋሽ?» አለኝ።

ነገርኩት። «መልሺው» አለ። «እኔ አሁንም አልተስማማሁም፣ እሱንም ጻፊ። ግን እሱ የለም፤ ቃሏን ማን ይበልልኝ?»

መለስኳት። ዛሬ ቃል ሲጠፋ ሽታ የለው፣ ሲመለስም የሚጠበቅ ነገር የለ፤ ጣት ነክቶ ማንሣት ነው። ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃል ለማጥፋትም ለመጻፍም ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠበቅ ነበር፣ እስከዚያው ክራር ይቃኛል፣ ሰው ከሰው ጋር ይቀመጣል። እቤቴ ተመልሼ ወጥ ሳማስል ሸቶኝ ነው እንግዲህ ልጄን ጥፍሯን ስትቀባ ያገኘኋት፤ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ልክ እንደ አያቷ፣ ኡፍ ኡፍ ትልባቸዋለች።

«ማማ፣ ቫስ ኢስት?» አለችኝ፣ ምን ሆነሻል ለማለት፣ ማማሰያ ይዤ መቆሜ ገርሟት።

«ምንም» አልኳት። «ይድረቅልሽ፣ አትቸኩዪ።» አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስኪደርቅ አብሬያት ጠበቅሁ።