ሁለት ቀን ያቆየሁት ፎቶ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ነው። የምኖረው ቆቦ ነው። እስከ ዛሬ ለቤተሰቤ እንኳ ሙሉውን ተናግሬው አላውቅም። ማንም አላሳሳተኝም፤ ያደረግሁት እኔው ነኝ። ለዚህ ነው እየከበደኝም ቢሆን የምጽፈው።

ሲሳይ ከሚባል አብሮ አደጌ ጋር የሰርግ ፎቶ የሚታይበት አፕ ሠርተን ነበር። ሐሳቡ የመጣው ከእህቴ ነው። እህቴ ሳዑዲ ነው የምትሠራው። የታላቅ ወንድማችን ሰርግ ሲሆን መምጣት ስላልቻለች "ፎቶ ላኩልኝ" እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ከረመች። ፎቶ አንሺው ሁሉንም በፍላሽ አድርጎ ሰጥቶን ነበር፤ ፍላሹ ከዘመድ ዘመድ ሲዞር ጠፋ። ያኔ ነው እኔና ሲሳይ ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን አንድ ቦታ ቢጭኑት፣ ዘመድም ያለበት ሆኖ ቢያየው ብለን የተነሣነው።

ከመናኸሪያው አጠገብ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየን። ሰው ስታርትአፕ ሲል ምን እንደሚታየው አላውቅም፤ የእኛው ሁለት አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ባትሪ ነበር። መብራት ሲሄድ በባትሪው እንሠራለን። ኔትወርክ ሲሄድ ደግሞ ቁጭ ብለን እንተያያለን።

ሆኖም ሰው ወደደልን። የቆቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ፎቶ አንሺዎች ሰርጉን ይጭናሉ፤ ጅዳና ሪያድ ያሉት ልጆች ከሥራ ሲወጡ እየከፈቱ ያያሉ። "ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት? እንዴት አድጋለች!" እያሉ ከሥሩ ይጽፋሉ። እህቴ ራሷ በየቀኑ ትገባ ነበር።

በአንድ ነገር ላይ ግን ከሲሳይ ጋር አልተስማማንም። እሱ "ፎቶውን ቤተሰቡና የተጋበዘው ሰው ብቻ ይየው" ይላል። እኔ ለሁሉም ክፍት ይሁን ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ለሚደረግ የጀማሪዎች ውድድር ልናመለክት ነበር፤ እዚያ የሚጠይቁት መጀመሪያ "ስንት ሰው ያየዋል?" ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ከዘጋነው ቁጥሩ አያድግም። "ሰው ሰርግ የሚደግሰው ሊታይ አይደለም እንዴ?" ብዬ ረታሁት። ሲሳይ ክርክር አይወድም፤ ወደ ላፕቶፑ ተመለሰ።

ከዚያ ከጎብዬ አንድ ሰርግ ተጫነ። ከፎቶዎቹ መካከል አንዲት ወጣት ሴት አለች። ሙሽራም ሚዜም አይደለችም። ትሪ ይዛ ከዳሱ ስትወጣ አንድ ሰው የሆነ ነገር ብሏት፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ስትስቅ ነው የተነሣችው። ሻሿ ሸርተት ብሏል። ሳያት እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ወዲያው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አወጣኋት።

እንደዚያ ፎቶ የታየልን ነገር አልነበረም። ሰው ለሰው ላከው፤ ሌላ ቦታም ወስዶ ለጠፈው። እኔ በየአሥር ደቂቃው እየከፈትሁ ቁጥሩን አያለሁ። እህል አልበላ አለኝ፤ ከደስታ ነበር።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ አፑ ላይ ባስቀመጥነው ስልክ፣ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሴት ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው።

"አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። የሰርግ ፎቶ የምትለጥፉት እናንተ ናችሁ?"

"ወአለይኩሙ ሰላም። አዎ፣ ነን።"

"ፎቶዬን አውርዱልኝ።"

እንደ ሌላው ሰው ስልኳ ላይ ማስቀመጥ የፈለገች መሰለኝ። "ፎቶውን ጫን አድርገሽ ስትይዢው 'አውርድ' የሚል ይመጣልሻል" እያልሁ ማስረዳት ጀመርሁ።

"ኧረ እሱን አይደለም" አለች። "ሰው እንዳያየው አጥፉልኝ ነው የምለው። ትሪ የያዝሁት እኔ ነኝ።"

ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

"የሚፈልገኝ ሰው አለ" አለች።

"አብሽሪ፣ እናጠፋዋለን" አልኋት።

አላጠፋሁትም። እውነቱን ልናገርና፣ የውድድሩ ማመልከቻ የሚያበቃው ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ያንን ፎቶ ከነተመልካቹ ቁጥር አያይዤ መላክ ፈለግሁ። ሁለት ቀን ምን ያመጣል አልሁ። የሚፈልጋት ሰው ያለችውንም የሚያስቸግራት ጎረምሳ ወይም ያኮረፈ ዘመድ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት። ለሲሳይም አልነገርሁትም።

በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ አንድ ሰው አፑ ላይ ያለውን አድራሻ ይዞ ቢሯችን መጣ። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል። ንጹሕ ጃኬት ለብሷል፤ አነጋገሩ የተረጋጋ ነው። ሲሳይ ሞተሩን ጎማ ሊያስነፋ ወጥቶ ብቻዬን ነበርሁ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ያንኑ ፎቶ አሳየኝ።

"እህቴ ናት" አለኝ። "ከጠፋችን ሁለት ዓመቷ ነው። እናታችን አልጋ ላይ ናት። ሳልሞት ዓይኗን ልየው እያለች..."

ድምፁ ተቆረጠ። መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ።

የእኔም እንባ መጣ። በዚያች ደቂቃ በልቤ ያልሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። "ውድድሩ ላይ የምንናገረው ታሪክ ተገኘ" ነበር ያልሁት። የጠፋ ሰው የሚያገናኝ ሥራ!

"ሰርጉ የት ነበር ወንድሜ?" አለኝ።

"ጎብዬ ነው። የሐጂ ይመር ልጅ ሰርግ ነው። ገበያው አጠገብ እህል ነጋዴው ብለው ቢጠይቁ ሁሉም ያሳይዎታል።"

እጄን ሁለት ጊዜ ጨብጦኝ ወጣ። በመስኮት ሳይ ወደ መናኸሪያው እየሮጠ ነው። የናፍቆት ሩጫ መሰለኝ።

ወዲያው ብሥራቱን ልነግራት ደወልሁላት።

"እህቴ፣ ደስ ይበልሽ! ወንድምሽ ተገኝቷል፤ ወደ አንቺ እየመጣ ነው!"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" አልሁ።

"እኔ ወንድም የለኝም" አለች።

የመጣውን ሰው መልክና ልብስ ነገርኋት።

"የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቆልማማ ናት?"

መሐረቡን የያዘበት እጅ ታወሰኝ። "አዎ" አልኋት።

"ባሌ ነበር። እገድልሻለሁ ብሎ ምሎ፣ አምልጬው ነው የመጣሁት። ወላሂ ይገድለኛል። የት ናት አልኸው?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ጠፋ።

ደጋግሜ ሞከርሁ። ቆቦ ላይ ኔትወርክ መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ስልኩን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም። ፎቶውን ላጥፋ ብልም ኢንተርኔት የለም። ደረጃውን ሮጬ ስወርድ ሲሳይ ሞተሩን እያቆመ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርሁት፤ ሁለት ቀን ማቆየቴንም ጭምር። ይሰድበኛል ብዬ ነበር።

"ተፈናጠጥ" ብቻ አለኝ።

ከቆቦ እስከ ጎብዬ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው፤ በደጉ ቀን መድረሱም አይታወቅም። ያን ቀን አላልቅ አለኝ። ማሽላው ታጭዶ አገሩ ገላጣ ሆኗል፤ ንፋሱ አቧራውን ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። የቀደምነውን ሚኒባስ ሁሉ አንገቴን እያሰገግሁ ውስጡን አያለሁ። በአንድ እጄ ሲሳይን ይዤ፣ በአንድ እጄ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቼ ኔትወርክ እፈልጋለሁ። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሮቢት ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ሰው ሊጭን ቆሟል። ረዳቱ "ጎብዬ! ወልድያ!" እያለ ይጣራል። ሰውየው ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጧል። ስልኩን አቀርቅሮ እያየ ነው። ምን እንደሚያይ አልጠፋኝም። የሲሳይን ትከሻ ጨምድጄ ያዝሁት፤ ነገሩ ገባውና ሞተሩን አስጋለበው።

ሐጂ ይመርን መጋዘናቸው በር ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታም ሳልሰጥ "ሐጂ፣ በሰርጉ ትሪ ይዛ የተነሣችው ልጅ የት ናት?" አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ የማን ልጅ ነህ? ለምን ፈለግሃት?"

እኔ ሰውየውን ያልጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

ነገርኋቸው። አልጮኹብኝም። ከስልኩ በኋላ ልጅቱ ደንግጣ ለማንም አልተናገረችም ነበር። ልጅቱ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ቤት እንደ ልጅ ነው የምትኖረው። ግቢው ከመጋዘኑ ጀርባ ስለሆነ ተጣርተው ለባለቤታቸው "ልጅቱን ጓዳ አስገቢያት፤ በሩን ከውስጥ ቆልፉ" አሉ። አንዱን ሠራተኛ ወደ ፖሊስ ሰደዱት። እኔንና ሲሳይን ከእህሉ ማዳበሪያ ክምር ጀርባ ተቀመጡ አሉን።

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሰውየው መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ ስለ እናቱ አወራ። ቃል በቃል ለእኔ ያለኝን ነው የሚለው። "ሳልሞት ዓይኗን ልየው እያለች..." ሲል ድምፁ እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ። መሐረቡንም አወጣ።

"አላህ ያሽራት" አሉ ሐጂ። "ቁጭ በል እንጂ። ከታመመች እኛ ሽማግሌዎቹ ልጅቱን ይዘን እናትህ ድረስ እንመጣለን። አገራችሁ የት ነው?"

"አይ፣ ብቻዬን ነው የምወስዳት። የት እንዳለች ብቻ ያሳዩኝ።"

"ልጅ ለብቻው መጥቶ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም። የእናትህን ስም ንገረኝማ።"

ሰውየው ዓይኑን ወደ ግቢው ወረወረ። በዚህ መሐል ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ደረሱ። ሲያያቸው ያ የተረጋጋ ፊቱ ተለወጠ።

"ሚስቴ ናት!" ብሎ ጮኸ። "ሚስቴን ነው የምትደብቁኝ?"

"አሁን እህቴ ናት አላልኸኝም?" አሉት ሐጂ።

ፖሊሶቹ ሲፈትሹት ከጃኬቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላ አወጡ። ማዳበሪያው ላይ ተደገፍሁ።

ሲወስዱት ኔትወርኩ ተመልሶ ነበር። ፎቶውን አጠፋሁት። ከዚያ ግቢ ገባሁ። ልጅቱ ልብሷን በፌስታል እየከተተች ነው፤ እሱ ቢታሰርም ዘመዶቹ ቦታውን ይሰማሉና ልትሄድ ነው። በአካል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ አገሯንም አልናገርም።

"አፉ በይኝ" አልኋት።

"አፉ ብዬሃለሁ" አለች። ፌስታሉን ቋጠረች። ከዚያ ቀና ብላ ሳትቆጣ "ደውዬልህ ነበር እኮ" አለችኝ።

ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። "ፎቶው ግን ያምር ነበር። እንደዚያ ስስቅ ራሴን አይቼው አላውቅም።"

"አሳትሜ ልስጥሽ?"

ትንሽ አሰበች። "ይቅር" አለች።

እኔና ሲሳይ በዚያው ሳምንት አፑን ለውጭ ሰው ዘጋነው፤ አሁን ቤተሰብ ያልፈቀደለት ሰው አንድ ፎቶ አያይም። ውድድሩ ላይ ተጠርተን "ለምን ዘጋችሁት? እንዴት ልታድጉ ነው?" ብለው ጠየቁን። ሲሳይ መለሰላቸው። አላለፍንም። ፎቶዬን አጥፉ የሚል ሰው ሲደውል ለምን ብለን አንጠይቅም፤ ስልኩን ሳይዘጋ እናጠፋለን። ፎቶዋን ወስደው ለለጠፉት ሁሉ ጻፍሁ። ያነሡት አሉ፤ ያላነሡም አሉ። ዛሬም በየጊዜው እየዞርሁ እፈልገዋለሁ። ባለፈው ወር አንድ ቦታ ላይ አገኘሁት፤ ከሥሩ "ሳቅ እንዲህ ነው" ብለው ጽፈውበታል። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልሁም።

ሰውየው ታስሮ መፈታቱን ሰምቻለሁ። እሷ የት እንዳለች የሚያውቁት ሐጂ ይመር ናቸው። ጎብዬ በሄድሁ ቁጥር መጋዘናቸው ጎራ እላለሁ፤ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ እናወራለን። ልሰናበታቸው ስል "ደኅና ናት?" እላቸዋለሁ። "አልሐምዱሊላህ" ይሉኛል። የት ናት ብዬ ግን ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ልንገርህ ቢሉኝም አይንገሩኝ እላቸዋለሁ።