ሆዷ ላይ የበየድነው ብረት

የትንሽ ስፖርት መኪና ሻንሲ በተጨማሪ ብረት ቢጠነክር አነዳዷ ይሻሻላል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሴ አጭር ነው፤ ይሻሻላል። በገዛ መኪናዬ አይቼዋለሁ። ጣጣው ያየሁት ጁባ ላይ መሆኑ ነው።

ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ነበረች። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ከእሱ ገዛኋት። እኔ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ቀያሽ ነኝ። የምንኖረው ጀበል ኩጁር ከሚባለው ተራራ አጠገብ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መውጣት ክልክል ነው፤ ከከተማ መራቅም ክልክል ነው። ቀን የሰው መንገድ ስለካ እውላለሁ፣ ሲመሽ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የጄኔሬተር ድምፅ እሰማለሁ። እዚህ አገር ይህችን መኪና መግዛት ምን የሚሉት በሽታ እንደሆነ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ጠይቃኛለች። በሽታው እሁድ እሁድ ነበር የሚተወኝ፤ ከጀበል እስከ አማራት ሰፈር ባለው አስፋልት ላይ ስነዳት ደረቴ ይከፈታል።

ጣሪያ የሌለው መኪና ክዳኑ እንደተቀደደ ካርቶን ነው፤ ጥግና ጥጉን ሲይዙት ይጠማዘዛል። ጎማዋ ጉድጓድ ሲያገኝ የፊት መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ይንቋቋል፣ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። መጀመሪያ ኮፈኑ ሥር ግራና ቀኙን የሚያያይዝ ዘንግ አስገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ለውጡ ከመኪናዋ ይልቅ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ከሆዷ ሥር ላጠነክራት ቆረጥኩ።

በዚያው ሰሞን ለባለቤቴ ቃል ገብቼ ነበር። ልጃችን በመስከረም አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ የመጀመሪያውን ቀን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ኮንትራቴ በሰኔ ያልቃል፣ አላድሰውም፣ መኪናዋን ሸጬ ለአንዴም ለሁሌም እገባለሁ። ገዢም አላጣሁም። አማራት ውስጥ ሆቴል ያለው ያገሬ ልጅ «ዛሬውኑ ልውሰዳት» ብሎኝ ነበር።

«ትንሽ ሥራ ይቀራታል» አልኩት።

መካኒኩ እዚያው ጀበል ጋራዥ ያላቸው፣ ጠና ያሉ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሆዷ ሥር ገብተው አይተው ወጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ብረቱን በቡሎን እናድርገው፣ ልጄ። ዝናቡ ሲመጣ ፈትተህ ታስቀምጠዋለህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቡሎን ይላላል። ይበየድልኝ።»

«የዚህ አገር መንገድ መላወስ ለሚችል ነው። ሲያከሩት ይበጠሳል።»

«ግዴለም፣ ይበየድ» አልኩ። ግትር ነኝ፤ እናቴም ታውቀዋለች።

ሁለት ወፍራም ቱቦላሬ ብረት ከፊት እስከ ኋላ፣ መሐሉ ላይ በመስቀለኛ ተያይዞ ተበየደ። የዚያን እሁድ አስፋልቱ ላይ ሳወጣት ሌላ መኪና ሆና ጠበቀችኝ። መሪውን ስነካው እሺ ትላለች፤ ኩርባ ላይ አትዋልልም፤ በሩ ዝም አለ። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን ጁባ ውስጥ ትዝ አይለኝም።

ማክሰኞ ዝናቡ መጣ። ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ ያለውን ሦስት መቶ እርምጃ የአፈር መንገድ ጎርፉ እንደ እርሻ አረሰው። ቀያሽ አይደለሁ፣ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የቦዩን ጥልቀት ለካሁ፤ ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ብረቱ ከመሬት ያለውን ርቀትም ለካሁ። አራት ጣት ብቻ! ድሮ እየተጣመመችም ቢሆን ታልፈው የነበረውን፣ አሁን በሆዷ ተንጠልጥላ ትቀርበታለች። ወደ ውስጥ መልሼ ሸራ አለበስኳት።

ሰኔ አለቀ። መኪናዋ እስክትወጣ ብዬ ኮንትራቴን ለሦስት ወር አደስኩ። የበሩ ዘበኛ፣ ጨዋታ የሚወድ የዚያው አገር ሰው፣ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሸራውን እያየ «ኡስታዝ፣ አረቢያ ዴ ጊ ኑም?» ይለኛል፤ ይቺ መኪና እንደተኛች ነው ወይ ማለቱ ነው። ባለቤቴ «ጥለሃት ና» ትላለች። እኔ «እንዴት ይጣላል?» እላለሁ። ጋሼ በነሐሴ ደውለው «ግራይንደር ይዤ ልምጣና ልቁረጠው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም» አሉኝ።

«ዝናቡ ያባራል ጋሼ፤ እንዲያ ያለ ሥራ አይቆረጥም» አልኳቸው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ዝናቡን ረገምኩ፣ ቦዩን ረገምኩ፣ መንገዱን ረገምኩ። ያሰረኝ ግን ዝናብ አልነበረም። ቤቴን ለአምስት ዓመት በፈቃድ ብቻ ነበር የማውቀው፤ ሁለት ሳምንት እንግዳ ሆኜ፣ ስጦታ አድዬ እመለሳለሁ። ሥራ ፈትቼ፣ ስጦታዬም አልቆ፣ በሦስተኛው ሳምንት እዚያ ቤት ውስጥ ማን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ፈርቼ ነበር። የሚጠበቅ መኪና ያለው ሰው ግን ፈራ አይባልም።

መስከረም ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ፎቶ ደረሰኝ። ልጄ አዲስ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ሰፍቶ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እጇን የያዛት የባለቤቴ ወንድም ነው። ከፎቶው ሥር አንዲት ቃል እንኳ አልተጻፈም። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ለጋሼ ደወልኩ። በቦዳቦዳ ሞተር ግራይንደራቸውን ታቅፈው መጡ። ግራይንደሩን ተቀብያቸው እኔው ራሴ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። የብረቱ ፍንጣሪ አንገቴ ውስጥ እየገባ ያንን ያማረ ብየዳ አንድ በአንድ ቆረጥኩት። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሦስት ወር የቆየሁበት ነገር ይኸው ነበር።

ስነዳት ተንቋቋች፣ ተጣመመች፣ ቦዩን ሆዷን እየላጠች ተሻገረች። ዘበኛው አጨበጨበ። ሆቴሉ በር ላይ ቁልፉን ስሰጠው ያገሬ ልጅ «ታዲያ ያ ብረት ጥቅም ነበረው?» አለኝ።

«በጣም። ከሱ በኋላ እንደሷ ያለ መኪና ነድቼ አላውቅም» አልኩት። አልዋሸሁም።

ከዚያው ከሆቴሉ ወደ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት።

«መኪናዋ ሄደች። ልመጣ ነው፤ ትምህርት ቤት የማደርስሽ እኔ ነኝ» አልኳት።



«አሁን እኮ መንገዱን አውቄዋለሁ» አለች።

«እንግዲያው አንቺ ታሳዪኛለሻ» አልኩ እንደምንም።

አሰበችበት። «እሺ፣ ግን በጠዋት ተነሳ» አለች፤ «አንተን አልጠብቅም።»