አሥራ ዘጠኝ ቁጥር

ኦሪን ፕሩት ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቷል። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ግን ከሚስቱ ከቨርሊን ጋር ወደ እኛ መናፈሻ ይመጣና ወንዙ በሚታጠፍበት፣ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቦታ ላይ ድንኳኑን ይተክላል። ሳምንቱን ሙሉ ውሃው ሲሄድ ከማየት በቀር ሥራ የለውም። እኔ የድንኳን ሰፈሩ ጠባቂ ነኝ። በሕግ ጉዳይ ግትር ነኝ፤ እሱን ሳይ ግን ልቤ ይለሰልስ ነበር።

ያ ቦታ የሚያዘው ከአንድ ዓመት በፊት ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምዝገባው ሲከፈት እጁ የፈጠነ ይወስደዋል። አምና ምዝገባው በተከፈተበት ጠዋት ቨርሊን ሐኪም ቤት ነበረች፤ ባሏን የመርሳት በሽታ እንደያዘው የተነገራት ያኔ ነው። ስለዚህ ዘንድሮ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ሠላሳ አራት ቁጥር ደረሳቸው። ሰኞ ኦሪን መጦሪያ ቤት ይገባል።

"አንድ ቀን አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ቢቀመጥልኝ" አለችኝ። "እዚያ ምናልባት ያውቀኝ ይሆናል።"

"ቦታ መቀያየር ሕጉ አይፈቅድም" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ በዛፎቹ መሃል ሲንሳፈፍ፣ አብሪ ትሎች ብልጭ ድርግም ሲሉ ኦሪን ጠፋ። ያገኘነው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ነው፤ እግሩ አልረሳም። በማያውቀው ሰው እሳት ዳር፣ በማያውቀው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያያል። አጠገቡ ሌላ ወንበር ባዶውን ተዘርግቷል። ባለቦታው፣ ከርቲስ የሚባል ጢማም፣ ቆሞ ማርሽሜሎ የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ ይጠብስለታል።

"ይቅርታ ወንድሜ፣ ባሌ ነው። አሁን እንወስደዋለን" አለች ቨርሊን።

"ኧረ ይተዉት እማማ። ቦታዬ ላይ ምን ትሠራለህ ብሎ ሲቆጣኝ እኔው እንግዳ ሆኜ ቀረሁ። የእናንተ ቦታ የት ነው? እንቀያየር።"

"መጸዳጃው አጠገብ ነው።"

"ቢራ ለሚጠጣ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም" ብሎ ወደኔ ዞረ። "ሕጉስ?"

"የቱ ሕግ?" አልኩት።

ከርቲስ ድንኳኑን ሲነቅል ቨርሊን ቀስ ብላ ወደ ባዶው ወንበር ተጠጋች። ኦሪን እጁን ወንበሩ ላይ ጫነ።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ ተይዟል። ባለቤቴ አሁን ትመጣለች።"

እኔ ወደ ወንዙ ዞርኩ፤ የቨርሊንን ፊት ለማየት አቅም አጣሁ።

"እስክትመጣ ልቀመጥ?" አለችው።

ኦሪን አሰበበት። "እስክትመጣ ከሆነ ይቀመጡ። ስትመጣ ግን ይነሳሉ፤ ይሄ የሷ ቦታ ነው።"

"እነሳለሁ" አለችና ተቀመጠች።