ጋሽ ቀነዓ የሠሯት የጅቡቲ ጊታር

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ልጄ ሊሆን የሚችል ዘማች ፊት ቁጭ ብዬ ነው። አሁንም ረዘም ያለ ነገር ስጀምር መጨረሻው ይጠፋኛል። የንባብ ቤታችን ኃላፊ ግን «ሽታዬ፣ ስለምታውቂው አንድ ሠራተኛ ጻፊ፤ እንዳንቺ አዲስ የለመዱ ሰዎች ያነቡታል» አለኝ። ሦስት ሳምንት እምቢ ስል ቆየሁ። በኋላ ስለ ጋሽ ቀነዓ ከሆነ ልሞክር አልኩ። ሌላ ሰው እንደሳቸው አላውቅም።

አስፈቅጃቸዋለሁ። «ጻፊው፤ ግን አታሳምሪው» ነው ያሉኝ። መሐመድዘይን የሚባለውን ነጋዴም ጠይቄዋለሁ፣ እሱም ነገሩ ውስጥ አለበትና። «ቁመቴን ብቻ አስረዝሚልኝ እንጂ የፈለግሽውን በዪ» አለኝ። ስለዚህ መሐመድዘይን ረጅም ሰው ነው።

ጋሽ ቀነዓ የአዳሚ ቱሉ ሰው ናቸው። አባታቸው ሐይቁ ዳር ያርሱ ነበር። አጎታቸው ግን ክራር መቺ ነበሩ፤ ሠርግ ባለበት ሁሉ እስከ ቡልቡላ በእግራቸው ይሄዳሉ። ጋሽ ቀነዓ በልጅነታቸው ክራሩን ተሸክመው ይከተሏቸው ነበር። እዚያው ለመዱ። አጎትየው ሌላ ቅኝት አይወዱም፤ ሁልጊዜ ትዝታ ነው። ባቲም ይሁን አንቺሆዬ ምታልን ሲሏቸው «ክራሬ አመመው» ይላሉ አሉ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይፈለጋል።

ናዝሬት የመጡት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሳቸው አዳማ ነው የሚሏት። አንድ የጣሊያን አናጢ ቤት ገብተው መላጊያውንም ሞርሳውንም ተማሩ። ሬዲዮ መጠገን ያስተማራቸው የለም፤ ፈተው ፈተው ነው የገባቸው። አሁን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለችው ሱቃቸው ሁሉን ትሠራለች። አልጋ፣ ወንበር፣ ሬዲዮ፣ የተቃጠለ የውኃ መሳቢያ ሞተር።

እኔን ያገኙኝ ገበያ ነው። ፈትል እየፈተልኩ እሸጥ ነበር። ቆመው እጄን ሲያዩ አፈርኩ። «ጥጥ እንዲህ ካቀጠንሽ የመዳብ ሽቦም አትበጥሺም፤ ነይ» አሉኝ። ሄድኩ። የሞተር ሽቦ መጠምጠም ጀመርኩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው፤ ዙሩን እየቆጠሩ መጠምጠም ነው። ሥራው ማውራት ስለማይፈልግ ወደድኩት።

እንግዲህ የጊታሩ ነገር በ1975 ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ቀበሌው ሁሉ፣ ፋብሪካው ሁሉ የኪነት ቡድን አለው። የኤሌክትሪክ ጊታር ግን በሱቅ አይሸጥም። የሚመጣው በባቡር ተደብቆ ከጅቡቲ ነው። መሐመድዘይን የወሎ ሰው ነው፤ ጣቢያው አካባቢ ባትሪና ጨርቅ ይነግዳል። አንድ ቀን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። የውጭ ጊታር ነው። ከባቡር ወድቆ አንገቱ ተሰብሯል፤ ጣት የሚያርፍባቸው፣ አንገቱ ላይ እንደ መሰላል የሚደረደሩት ሽቦዎችም ረግፈዋል።

ጋሽ ቀነዓ ፈቱት። ሆዱን አዩት። ሁለት ቀን እንደ ሕፃን ይዘውት ዋሉ። ከዚያ «ይህ አይድንም፤ ግን አሠራሩ ገብቶኛል» አሉ።

«ከገባህማ ሌላ ሥራልኝ» አለ መሐመድዘይን።

«እሠራለሁ። የቀነዓ ሥራ ነው ብለህ ትሸጣታለህ።»

«ወላሂ ቀነዓ፣ አንተ ንግድ አልፈጠረብህም። የናዝሬት ጊታር ብዬ ብጠራት ማገዶ ናት ይሉኛል። ጅቡቲ ካልኩ ይጋፉባታል።»

«ውሸት ነዋ።»

«ውሸት የሚሆነው ድምፅዋ ካስጠላ ነው። ያስጠላል?»

«እኔ የሠራሁት?» አሉ ጋሽ ቀነዓ።

በዚህ ያዛቸው። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ በሌላ ነገር አይያዙም።

ገላዋን ከዋንዛ አደረጉት፣ ከአሮጌ አልጋ ራስጌ። አንገቷን ከወይራ። ድምፅ የሚቀበለውን ከሞተ ሬዲዮ ማግኔት ሠርተው፣ ሽቦውን እኔ ጠመጠምኩ። የአንገቱን ሽቦዎች ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ቆረጡ። ክሮቹ ብቻ ናቸው የእውነት የውጭ። የውጩን ስም ከተሰበረው ጊታር ራስ ላይ አይቼ በወርቅማ ቀለም የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የፈረንጅ ፊደል ማንበብ አልችልም፤ የቀሚስ ጥለት እንደምገለብጥ አድርጌ ነው የገለበጥኩት። ምን እንደሚል ዛሬም አላውቅም። ግን ምን እያደረግን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

ስህተቱ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ላይ ነው። እንዴት እንደሚለካ የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ ክራራቸውን አወረዱ፣ በትዝታ ቃኙት፣ ከዚያ በቀጭኗ ክር ሥር አንድ ሽቦ እያንሸራተቱ ከክራሩ ጋር አንድ እስኪሆን ያዳምጣሉ። አንድ ሲሆን ምልክት ያደርጋሉ። የትዝታን ድምፆች ሁሉ እንዲህ አገኙ። መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ግን በማስመሪያ እኩል እኩል ከፍለው ሞሉት፣ ቁጥሩ ከውጩ ጋር እንዲገጥም ነው። የነዚያን ድምፅ አላዳመጡም። በሌላ ቅኝት የሚያዳምጡበት ክራርም አልነበራቸውም።

ሲያልቅ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ትዝታ መቱባት። ባለጋሪው ፈረሱን አቆመ። ጤፍ ልታስፈጭ የምትሄድ ሴት ቁናዋን አስቀመጠች። ትንሽ እንደ ንብ እም ትላለች እንጂ፣ ድምፅዋ፣ እንጃ፣ ሆድ ይነካል። እኔ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ሌላ ቅኝት የሞከረ የለም። መሐመድዘይን በዚያው በጆንያዋ ጠቅልሎ ወሰዳት።

ከእሱ የገዛት ነጋሳ የሚባል የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለመሐመድዘይን ብስክሌቱን ሰጥቶ ነው የወሰዳት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ማሳው በእግሩ ነው የሚሄደው። የፋብሪካው ኪነት ቋሚ ጊታር መቺ ሊመርጥ ነበር። የተመረጠ ሰው ከሸንኮራ ቆረጣ ይወጣል። የነጋሳ ወገብ ደግሞ ቆረጣውን አልችል ብሎታል። ጎንበስ ካለ ቀና ለማለት ጉልበቱን ይይዛል።

ይህን ያወቅነው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነጋሳ ራሱ ጊታሯን ታቅፎ ሱቃችን መጣ። ማን እንደሠራት አያውቅም። ናዝሬት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ማን አለ ብሎ ሲጠይቅ ወደ ጋሽ ቀነዓ ልከውት ነው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ቀነዓ» አለ። «አደራ፣ የውጭ ዕቃ ናት፤ በጥንቃቄ ይያዙልኝ።»

ጋሽ ቀነዓ ጊታሯን አይተው እጃቸውን ጠረጉ። እኔ የሽቦዬ ዙር ቁጥር ጠፋኝ።

«ምን ሆነች?» አሉ በመጨረሻ።

«እሷ ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ መሰለኝ። ትዝታ ስመታ ደህና ነው፤ የቡድኑን የሰልፍ መዝሙር ስመታ ይሰበራል። መሪያችን ‹ዕቃው የውጭ ነው፤ የውጭ ዕቃ አይሳሳትም፤ ጆሮህ ነው› አለኝ። ልጆቹ ደግሞ ‹ነጋሳ ትዝታ› ብለው ስም አወጡልኝ።» ሳቅ አለ። ደስ ብሎት የሳቀው አይደለም። «ምርጫው እሑድ ነው። እርስዎ አይተው ደህና ናት ካሉኝ ስሜን አስፍቃለሁ። ጆሮ የሌለው ሰው ምን ይሠራል እዚያ።»

ጋሽ ቀነዓ ጊታሯን ተቀበሉት። የሰልፉን መዝሙር በአፉ እንዲያዜምላቸው ጠየቁት። አዜመ። ያልተሰበረ፣ ጥርት ያለ ዜማ ነው። ከዚያ እሳቸው በክሩ ላይ ተከተሉት፤ በሦስተኛው ድምፅ ላይ እጃቸው ቆመ። ፊታቸው ላይ አየሁት። በማስመሪያ የሞሏቸው ሽቦዎች ላይ ነው ጣታቸው ያረፈው።

«ተዋት፤ ልያት» አሉት ብቻ። «እስከ ነገ ስምህን እንዳታስፍቅ።»

ሄደ። ወዲያው መሐመድዘይን ገባ። ከማዶ ሆኖ ነጋሳን አይቶታል።

«ምን አልከው?»

«እስካሁን ምንም።»

«ጎሽ። ጣትህ ነው በለውና ሸኘው። ልምምድ ያንስሃል በለው። ማን የማያንሰው አለ።»

«ጆሮው ከእኔ ይሻላል፣ መሐመድዘይን። ስድስት ሳምንት ሙሉ ትክክል ነበር።»

«ስማኝ ወንድሜ። ነገሩ ቀበሌ ቢደርስ አሻጥረኞች ነው የሚሉን። አንተንም እኔንም፤ ስሙን የጻፈችውን ይህችንም።» በእጁ ወደ እኔ አመለከተ።

አሻጥረኛ የሚለው ቃል ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ አልነግርም። ጋሽ ቀነዓ ጊታሯን ግድግዳው ላይ ሰቅለው የሰው አልጋ መላግ ጀመሩ። መሐመድዘይን ነገሩ ያለቀ መሰለው። እኔም መሰለኝ፤ እውነቱን ልናገርና ቀለለኝ።

ግን አልጋው አልላግ አላቸው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ይልጋሉ። እኔ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሱቅ ሠርቼ ሳይጠይቁኝ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ያን ቀን ግን ከአፌ ወጣ።

«ልጁ እኮ ጆሮ የለኝም ብሎ ነው የሄደው» አልኩ።

መሐመድዘይን ዞር ብሎ አየኝ። «ይህችም ትናገራለች ለካ።»

ጋሽ ቀነዓ መላጊያውን አስቀመጡ። ጊታሯን አወረዱ። ፒንሳ አነሡና የመጀመሪያውን ሽቦ ከአንገቷ ነቀሉ።

«ቀነዓ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እዚህ ስህተት የሠራው አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ወንጂ አይደለም ያለው» አሉ። ሁለተኛውን ነቀሉ። ሁሉንም ነቀሉ፤ የትዝታዎቹን ሳይቀር። እኔ የተቦረቦረውን በእንጨት ብናኝና በኮላ ሞላሁ። መሐመድዘይን ትንሽ ቆሞ አየንና ሳይሰናበት ወጣ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጧት ሱቁን ልንከፍት ስንደርስ መሐመድዘይን በሩ ላይ ቆሟል። የነጋሳን ብስክሌት ይዟል።

«ይህን ስጡልኝ» አለ። «እኔ ወንጂ ጉዳይ የለኝም።»

«ና አብረን እንሂድ» አሉት ጋሽ ቀነዓ።

«ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አለ። ሱቁ የሱ አይደለም።

ብስክሌቱን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አሰርነው። ጋሽ ቀነዓ ጊታሯን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሄዱ፣ እኔ ወፍራም የመዳብ ሽቦና ሰም የተቀባ ክር ያዝኩ። ወንጂ ስንደርስ የሚቃጠለው የሸንኮራ ማሳ ጥላሸት እየረገፈ ነበር። ነጋሳን ከማሳ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘነው፤ ፊቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው።

ጋሽ ቀነዓ ሰላምታውን እንኳ አላስረዘሙትም። «ነጋሳ፣ ይህችን ጊታር የሠራሁት እኔ ነኝ። ጅቡቲን አይታ አታውቅም።»

ነጋሳ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ ጊታሯን አየ። «ስሙስ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ደገምኩት።

ነጋሳ መንገዱ አጠገብ ያለው የመስኖ ቦይ ዳር ቁጭ አለ። ወገቡን ያዝ አድርጎ ነው የተቀመጠው። አንዴ ወደ ብስክሌቱ፣ አንዴ ወደ ጊታሯ ያያል።

«እና ጆሮዬ አይደለም?»

«ጆሮህ ደህና ነው። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ስድስት ሳምንት ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት፣ ኦቦ ቀነዓ።»

«አውቃለሁ። ብስክሌትህም ይኸው። ጊታሯን ከፈለግህ ያዛት፣ ካልፈለግህ ቦዩ ውስጥ ጣላት። ምርጫው ግን ነገ ነው።»

ነጋሳ እጁን ቦዩ ውስጥ ታጠበ። እስከ ክርኑ ታጠበ። ሱሪው ላይ ጠረገና እጁን ዘረጋ። ከመስጠታቸው በፊት ግን ጋሽ ቀነዓ ከኪሳቸው የብርጭቆ ወረቀት አወጡ። ወርቅማውን ስም ፋቁት። እንጨቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ፋቁት። የእኔ እጅ የተፋቀ ያህል ሆነብኝ፤ ግን ደስ አለኝ።

«አሁን አንተ መዝሙሩን በአፍህ በለው» አሉት። «እኔ ሽቦውን በክሩ ሥር አንሸራትታለሁ። አንተ ቁም ስትለኝ እቆማለሁ። ሽታዬ በሰም ክሩ አንገቷ ላይ ታስረዋለች። ባቲውንም አምባሰሉንም እንዲሁ ትለኛለህ።»

«እርስዎስ አይሰሙም?»

«የእኔ ጆሮማ ምን እንደሠራ ታየ» አሉ።

ነጋሳ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ከማሳ የሚመለሱ ሰዎች ቆመው ያዩን ጀመር። ጋሽ ቀነዓ ክሯን እየነኩ አንሸራተቱ።

«ትንሽ ወደ ታች» አለ ነጋሳ። «አለፈ። ይመለሱ። እዚያ።»

አሰርኩት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሄድን።