አሥራ ዘጠነኛው ሽቦ

ስልኩ የጮኸ ጊዜ በምናሠራው አዲስ ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተንበርክኬ ሽቦ እቆርጥ ነበር። ወንድሜ ከየክፍሉ በግድግዳ ውስጥ ስቦ ያመጣቸው አሥራ ዘጠኝ ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፋቸው እዚያ ተንጠልጥሏል። አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ ሁሉም ጫፋቸው ላይ ተቋጥረዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የተንጠለጠለ ክር ሳይ እጄ አያርፍም። ነገ ሲመጣ አይቶ ደስ ይበለው ብዬ፣ እሱ ረስቶት በሄደው ፒንሳ ሁሉንም እኩል አድርጌ ቆረጥኳቸው። የመጨረሻውን ቆርጬ ቀና ስል ነው ስልኩ የጮኸው።

ቁጥሩ የወንድሜ ነው፤ ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።

«ይቅርታ፣ እዚህ ስልክ ላይ ‹መቀስ› ነው የሚለው። ስምዎን አላውቀውም። መጨረሻ የተደወለው እርስዎ ጋ ስለሆነ ነው።»

«የወንድሜ ስልክ ነው። ምነው?»

«እኔ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ነኝ። ዕቃ ሊወስድ መጥቶ፣ እዚሁ ቆሞ እያወራን ሳለ… አጠገብዎ ሰው አለ?»

«ለሳኙ አለ» አልኩት።

«እንግዲያው ይጥሩት» አለኝ።

ለሳኙን አልጠራሁትም። ሳሎን ውስጥ እያፏጨ የመጨረሻውን ግድግዳ ይለስን ነበር። የቆረጥኳቸውን ጫፎች ከወለሉ ለቅሜ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩ፤ ቦታውን ጠረግኩ፤ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ነው ወጥቼ የነገርኩት። የገደለው ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በሰባት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሲያከብረኝ እትዬ፣ ሲያሾፍብኝ መቀስ ይለኛል። እሱን ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ «ቀስ በሉ» ይሉት ነበር፤ ከአፉ የማይለየው ቃል እሱ ስለሆነ። ሥራው ቀጭን ሽቦ ነው። መብራትና ምድጃ የሚያስኬደውን ወፍራሙን ሌሎች ይዘረጋሉ፤ እሱ የካሜራውን፣ የበር ደወሉን፣ የማንቂያውን፣ የኢንተርኔቱን ይዘረጋል። ወፍራሙን የሚሠሩት ይቀልዱበታል።

«ያንተማ የሕፃን ሥራ ነው። ቢነካህ እንኳ አይቆነጥጥህም!»

«የናንተ ሽቦ ቤቱን ያበራል» ይላቸዋል። «የኔው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ያውቃል።»

የሰው ቤት ሲጀምር የመጀመሪያውን ቀን መሣሪያ አይይዝም። ጠመኔ ብቻ ኪሱ ውስጥ ይከትና ካልተለሰነው ብሎኬት መሀል ሲዞር ይውላል። በባዶው በር ይገባል፣ ይወጣል፣ ዕቃ የያዘ ሰው መስሎ በክርኑ ግድግዳ ይነካል፣ እንደ ሕፃን ቁጢጥ ይላል። ባለቤቶቹ ይናደዳሉ። «ሥራ የምትጀምረው መቼ ነው?» ሲሉት «ጀምሬያለሁ እኮ» ይላል። አንድ ጊዜ ለሳኙ ሲጠብቀው ሰልችቶት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ያንተ እንቁላል እስኪሄድ ግን እኛ ማለቃችን ነው» ሲለው ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ነበር።

ለሰው ቤት ይህን ሁሉ ብልሃት የሚሠራ ሰው፣ በኪሱ የሚይዘው ፎቶ እንኳ የማያነሳ አሮጌ ስልክ ነው። «ብልጥ ስልክ ግዛ እንጂ» ስለው «ከሁለታችን አንዳችን ብልጥ ከሆንን ይበቃል» ይለኛል።

የኔን ቤት የሠራነው ለእማዬ ብለን ነው ማለት ይቻላል። እማዬ መርሳት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። አምና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተከራየነው ቤት ወጥታ ጠፋች። ያገኛት ወንድሜ ነው፤ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ የድስት ክዳን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ሰልፍ ይዛ ቆማለች። «እናቴ ጋ ልሄድ ነው» አለችው። እናቷ ከሞተች አርባ ዓመት አልፏል። ወንድሜም «እንግዲያው አብረን እንሂድ» ብሎ፣ ክዳኑን ተቀብሏት፣ በእግር ዞር ዞር አድርጎ ወደ ቤት መለሳት።

አዲሱ ቤት ሲጀመር እኔ በክፍሏ በር ላይ ከውጭ የሚቆለፍ ቁልፍ ይግባ አልኩ። እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«እማዬ ፍየል ናት እንዴ የምትታሰረው?»

«ብትጠፋስ? ማን ነው ቀኑን ሙሉ በር የሚጠብቀው? አንተ ነህ?»

«በሩ ይከፈትላት» አለ። «መከፈቱን ግን እኛ እንወቅ። እሷም ስትፈራ መነሳት ሳያስፈልጋት ትጥራን። ይኼው ነው። ይኼን እኔ እሠራዋለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ መጋረጃሽን ስፊ።»

ያቀደው ይህን ነበር። የክፍሏ በር ሲከፈት ስፌት መኪናዬ አጠገብ ለስለስ ያለ ደወል ይደወላል። የውጪው በር ሲከፈት ሌላ ድምፅ። ከአልጋዋ ሳትነሳ የምትጫነው ትልቅ ቀይ የጥሪ ቁልፍ ደግሞ አንድ። ያ ቁልፍ ከሌለ የቀረው ሁሉ ግማሽ ነው ይል ነበር፤ እማዬ የምትወጣው ስትፈራ ነው፣ የምትፈራውም ስትነቃ ነው።

ቁልፉ የት እንደሚሆን ለመወሰን እማዬን ወደ ባዶው ቤት አመጣት። ፍራሽ ተሸክሞ አስገብቶ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈ። እኔ በሚቀጥለው ክፍል የመስኮት ልክ እወስድ ነበር፤ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«እማዬ፣ ተኚልኝ እስቲ።»

«በጠራራ ፀሐይ? ምን ሆንክ አንተ ልጅ?»

«ለሥራ ነው። ተኝተሽ ስትነቂ እጅሽ የት ነው የሚሄደው?»

ተሳሳቁ። ከዚያ ጠራኝ፣ «እትዬ! ነይ እዪማ የት እንደሆነ!»

«ቆይ፣ ልኬን እንዳልረሳ» አልኩ። አልሄድኩም።

ወንድሜ ከሞተ ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው የሥራ ባልደረባው መጥቶ የጠየቀኝ። አጭሩ ይሉታል፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ሥራውን ልጨርስለት ብሎ በራሱ ፈቃድ መጣ። ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ከፈተና ቆመ። የሽቦዎቹን ጫፍ በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«እትዬ፣ ቋጠሮዎቹ የት ሄዱ?»

«ቆረጥኳቸው። ተዝረክርከው…»

ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ነው ያስረዳኝ። ወንድሜ ወረቀት አያምንም። ወረቀት ይረጥባል፣ ተለጣፊ ምልክት ይላቀቃል፤ ቋጠሮ ግን እጅ ካልፈታው አይፈታም ይላል። መጀመሪያ ያሉት ቋጠሮዎች ክፍሉን ይቆጥራሉ፤ አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይተውና ቀጥለው ያሉት በክፍሉ ውስጥ ያለውን ቦታ። ሦስት፣ ክፍተት፣ ሁለት። አጭሩ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ብቻ ያነበው ነበር። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው ሁሉ ደግሞ በልስኑ ተሸፍኗል። ቤቱ በሙሉ የተጻፈው እነዚያ ጫፎች ላይ ነበር።

ከረጢቱን አልጣልኩትም ነበርና ሄጄ አመጣሁት። አሥራ ዘጠኙን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሽቦ ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው እንደተቆረጠ የሚነግር ነገር የለም።

«አይዞሽ» አለኝ አጭሩ። «እሱ ቢኖር ይስቅብሽ ነበር። መቀስ ሥራዋን ሠራች ይልሽ ነበር።»

እውነቱን ነው። እሱ ቢኖር ይስቅ ነበር፤ ሌላ ቋጠሮም ይቋጥር ነበር።

አጭሩ ሽቦ የሚፈልግ መሣሪያ አለው። አንዱ ክፍል ጫፉ ላይ ይታሰራል፤ ሌላውን ይዞ ግድግዳ ለግድግዳ ሲሄድ፣ ሽቦው ያለበት ሲደርስ ያፏጫል። በሁለት ቀን አሥራ ስምንቱን አገኘ፤ የካሜራዎቹን፣ የበሮቹን፣ የደወሎቹን። እያንዳንዱን ባገኘ ቁጥር ስሙን በብዕር ጽፎ በናስትሮ ይጠቀልለዋል። አሥራ ዘጠነኛው እማዬ ክፍል ውስጥ፣ ከልስኑ ሥር አፏጨ። እዚያ ግን ሽቦው የሚወጣበት ሳጥንም ቀዳዳም የለም። ለሳኙን ጠራነው።

«መስኮቱ አጠገብ አንድ ቀዳዳ ነበር» አለ። «ለአልጋ ራስጌ ከሆነ ይርቃል፣ ለመብራት ከሆነ ዝቅ ይላል። ተሳስቶ የቦረቦረው መስሎኝ ደፈንኩት። ለእሱው ያገዝኩት መስሎኝ እኮ ነው።»

እኔም ያገዝኩት መስሎኝ ነው።

እማዬን ሁለት ጊዜ ነግረናታል። በመጀመሪያው ቀን ልጇ የሞተባት እናት የምትሆነውን ሆነች። በማግስቱ ከእንቅልፏ ተነስታ «ወንድምሽ ዛሬም አይመጣም?» አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት። እንደገና እንደ አዲስ ሆነባት፤ እንደ ትናንቱ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ከዚያ ወዲህ «ሥራ ላይ ነው» ነው የምላት። «ይኼ ልጅ፣ ሥራ ሊገድለው ነው» ትለኛለች።

አሁን አዲሱ ቤት ገብተናል። የክፍሏ በር ሲከፈት ስፌት መኪናዬ አጠገብ ደወሉ ይደወላል። ሥራዬን አስቀምጬ እሄዳለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ አገኛትና እጇን እይዛታለሁ። ያንን በትክክል ሠርቶታል።

ቁልፉ የት እንደታሰበ ደግሞ እማዬ ራሷ አሳየችን። ስትነቃ እጇ ወደ አልጋዋ ራስጌ አይሄድም። እጇን ዘርግታ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ትመታለች። ድሮ፣ እኛ ልጆች ሳለን በኖርንበት ቤት፣ ግድግዳው ከኛ ክፍል የሚዋሰነው በዚያ በኩል ነበር፤ እንዲያ ነበር የምትቀሰቅሰን። አጭሩ መሣሪያውን መዳፏ ያረፈበት ቦታ ላይ አስጠጋው፤ አፏጨ። አዲሱ ቀለም ላይ ቦታው አሁን ትንሽ ጠቁሯል። ለሙከራ ቁልፉን ራስጌዋ ላይ በሙጫ ለጥፈን ነበር፤ አንድም ቀን እጇ ወደዚያ አልሄደም።

የቀረው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አጭሩ መሮና መዶሻ ይዞ መጣ። እማዬ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አየችው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ትንሽ ልክፈታት ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ተወው። ልጄ ነው የሠራው። እሱ ይምጣና ይክፈተው።»

ይዘናት ወጥተን፣ እሷ በሌለችበት ይሠራ የሚሉኝ አሉ። የውጪውን በር ደወል እንደዚያ አድርገን ነው የገጠምነው፤ ጎረቤት ወስጄ አስቀመጥኳት። ተመልሳ አዲሱን ዕቃ ስታይ ፊቷ በራ። «መጥቶ ነበር እንዴ?» አለች። ከዚያ ቤቱን ክፍል በክፍል ፈለገችው። «ሳያየኝ ሄደ?» አለችኝ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ለምን እንደከፋት ረስታ እንኳ ከፍቷት ነበር።

ስትፈልገኝ ግድግዳውን ትመታለች። ቤቱ ጥሩ ተለስኗል፤ ድምፅ አያስተላልፍም። አጠገቧ ካልሆንኩ አልሰማትም።

ያን ቀን የደወለልኝ ዕቃ ሻጭ የወንድሜን ቦርሳ ሲልክልኝ ቀዩ ቁልፍ ከነካርቶኑ ውስጡ ነበር። ከራስጌዋ ካነሳነው ወዲህ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ፣ ከአሥራ ዘጠኙ ቋጠሮዎች ጋር ነው። ግድግዳው አልተከፈተም። እማዬም ዳግመኛ አልተነገራትም።