ባንዲራውን አልቀበልም ያሉኝ አባት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ነጭ ጓንት ሰጠኝና የሞተ ወታደር ሣጥን ላይ የሚለበሰውን ባንዲራ ማጠፍ አስተማረኝ። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ በቁመቱ ሁለቴ ያጥፈዋል፤ ከዚያ ከባለመስመሩ ጫፍ ተነስቶ ሦስት ማዕዘን እያደረገ ወደ ኮከቦቹ ይሄዳል። ሲያልቅ መታየት ያለበት ሰማያዊው ብቻ ነው። ቀይ ብቅ ካለ ተፈትቶ እንደገና። ያን ቀን ስንቴ እንደፈታሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊዜው በፈረንጅ ሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ከቬትናም ሬሳ የሚመጣበት ነው። ዛሬ የአበሻ ምግብ ቤት የሞላበት የፌርፋክስ መንገድ ያኔ አንድም የለውም። ጠዋት ፓሳዴና ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት ፊውነራል ሆም፣ ቀብር የሚያስፈጽመው ድርጅት ውስጥ፣ ሬሳ አለብሳለሁ፣ የሬሳውን መኪና ድራይቭ አደርጋለሁ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች «ገናዡ መጣ!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ከነጫማዬ እተኛለሁ።

ባንዲራውን ለቤተሰብ መስጠት የወታደሮቹ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ሎንግ ቢች ላይ ግን ሬሳውን አጅቦ የመጣው ሳጅን ሌላ ቀብር ነበረበትና ቀድሞ ሄደ። አጥፈን ስንጨርስ አለቃዬ «በል አንተ ስጥ» አለኝ።

የሟቹ አባት የወደብ ሠራተኛ ናቸው፤ ከፊት ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሣጥኑ ለቤተሰብ እንዳይከፈት ስለታዘዘ ልጃቸውን አላዩም። ጎንበስ ብዬ «በፕሬዚዳንቱና በአመስጋኙ ሕዝብ ስም» ስል እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የኢትዮጵያ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ በማን ስም ነው የምትሰጠኝ? ፕሬዚዳንቱን ታውቀዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«አልቀበልም።»

አለቃዬ ከኋላቸው ሆኖ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጠውና ና፣ እያለ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። እውነቴን ነው፣ ደክሞኝ ስለነበር ጥዬው ብሄድ ደስ ባለኝ። ግን እንዴት ተደርጎ? እግሬ እምቢ አለ።

«እዚያ ውስጥ ያለው ልጄ ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያየው ሰው የለም።»

«እኔ አይቼዋለሁ። ልብሱን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ።»

«ፊቱን አይተሃል?»

«ፊቱ ተሸፍኗል፣ አልዋሽዎትም። እጁን ግን ይዣለሁ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ የታጠፈች ናት።»

እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ሕፃን ሆኖ በር ጨፍልቋት ነው» አሉ። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ።

ስንመለስ አለቃዬ መኪና ውስጥ ተቆጣኝ። ከቤተሰብ ጋር ስለ ሬሳ አይወራም፣ ደንቡ እንዲያ ነው። ኦኬ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወታደር በሌለ ቀን ብዙ ባንዲራ ሰጥቻለሁ፤ ሟቹን ሳላይ የሰጠሁት ግን የለም።

እዚህ ሥራ ለምትገቡ ልጆች የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው። ማጠፉን በሳምንት ትለምዱታላችሁ። የምትቀብሩትን ሰው ግን መጀመሪያ እዩት፤ ቤተሰቡ የሚጠይቃችሁ ስለ እሱ ነው።