እንስራ የቀበርንበት ተራራ

ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለው ተራራችን የተከለለው በደርግ ጊዜ፣ ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ በኋላ ነው። ከብት አይግባ፣ ዛፍ አይቆረጥ ተባለ፤ ለየቤቱም ችግኝ የሚተክልበት ቁራሽ ተሰጠ። እኛ ዘንድ የሚተከለው ሐምሌ ነው፣ ተከልን። ዝናቡ ግን የድሮው ዝናብ አልነበረም፤ ዘግይቶ መጣ፣ ቶሎ ሄደ። በልግማ መቅረትን ልማድ አድርጎት ነበር። አሮጌዎቹ ጥዶች እንኳ ከጫፋቸው ይደርቁ ጀመር። ጥድ እንደ ሰው ነው፣ ከራሱ ነው የሚሸብተው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። ሰበሰበንና፣ "እስከ ሚያዝያ ችግኙ ካልያዘ ተራራው ለከብት ይከፈታል፤ የደረቀውም ጥድ ከሰል ይሁን" አለ። ወንዶቹ ደስ አላቸው። ልጆቼን የማጠጣባት ምንጭ ግን ከተራራው ሥር ናት፤ እሱ ከተራቆተ እሷም መድረቋ ነው።

ሴቶች ለዝናብ ዱዓ ተሰብስበን ይህንኑ ሳወራ፣ አብራን የነበረችው ክርስቲያን ጎረቤቴ፣ "እታለም፣ እኔ በርበሬዬን በምን የማሳድገው ይመስልሻል?" አለችኝ። "አፉ የተሰበረ እንስራ ከሥሩ እቀብርና ውሃ እሞላበታለሁ። ገሉ ቀስ እያለ ያልበዋል፣ ሥሩ ይጠጣዋል።"

በማግስቱ ተራራው ላይ በየችግኙ ሥር እንስራ መቅበር ጀመርን። ከሐይቁ እየቀዳን ሽቅብ ተሸከምን። ሰባራው ሲያልቅ ደህናውን እንስራ ለባሏ "ወደቀብኝ" ብላ ይዛ የመጣችም አለች። ሊቀመንበሩ በዚያ ሲያልፍ አየንና፣

"እንስራ ዘርታችሁ ምን ልታጭዱ ነው?" አለ።

"ጋን ነዋ፣ ለሁለተኛው ሰርግህ!" አለችው ጎረቤቴ።

ሚስቱ አጠገቤ ነበረች። ከሁላችን አስበልጣ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምራም አብራን ቀዳች።

ዛሬ የተማረችው የልጅ ልጄ፣ "ዛፍ ማለት የቆመ ከሰል ነው፤ ሲቃጠል ጭሱ ዓለሙን ያሞቀዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ሌላውን ዛፍ ያደርቃል" ትለኛለች። ከሰል አክስዬ ውጫሌ ገበያ ያወጣሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ግን አስቤው አላውቅም። እኔ ያሰብኩት ምንጯን ነው።

ሚያዝያ ላይ ሊቀመንበሩ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ወጣ። ላይኛው ቁራሽ ውሃ ስላልደረሰው ደርቋል። የታችኞቹ የወይራ ችግኞች ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቅጠል አውጥተዋል። ሊቀመንበሩ ጎንበስ አለና አፈሩን በጣቱ ጫረው። እርጥብ ነው። ሽማግሌዎቹን ዞሮ አያቸው።

"እንግዲህ ከነጥዱ ተከልሎ ይቆይ" አሉ። "ሣሩን ግን አጭዶ መውሰድ ይፈቀድ።"

በክረምቱ ሣሩ እስከ ጉልበት ደረሰ። ባለቤቴ ማጭዱን ይዞ ከደጃፍ ቆመና አጉረመረመ፣ "ላሟ አራት እግር እያላት እኔ ልሸከምላት?"

"ተሸከም" አልኩት።

ተሸከመ።